ምች የመታው ኮምፒውተር

መካነ ሰላም ውስጥ ነገር በብርድ ሲበላሽ እንጂ በሙቀት ሲበላሽ ያየ ሰው አልነበረም። በእኛ ከተማ በሐምሌ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ የሚወጣ ሰው ሳሙና ሳይሆን መጥረቢያ ነው ይዞ የሚወጣው። ዶሮዎቻችን እንቁላል ከመጣላቸው በፊት ጋቢ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የእህቴ ባል ገበያ መሐል ቆሞ «ኮምፒውተሬ በሙቀት ሊሞትብኝ ነው» ሲል የሰማ ሁሉ ያዘነው ለኮምፒውተሩ ሳይሆን ለሰውየው ነበር።

«ዱባይ ብዙ ቆየ» አሉ። «ፀሐዩ ከጭንቅላቱ ገና አልወጣም። አብሽር፣ ክረምቱ ያወጣለታል።»

ጊዜው «አንድ ለአምስት ተደራጁ» የሚባልበት ዘመን ነው። እኔ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነበረችኝ። ውሃ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤ የቧንቧ ዕቃ ግን በየቀኑ ይሸጥ ነበር። ሰው ተስፋ አይቆርጥም፤ የእኔም ትርፍ ከዚያ ነው።

አማቻችን ዱባይ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ በተላላኪነት ገብቶ፣ ሻይ ሲያመላልስ ከሠራተኞቹ ትከሻ በላይ እያየ ሙያቸውን ተምሮ የወጣ ሰው ነው። ሙያው ገና ያልተሠራ ሕንፃን ተሠርቶ እንዳለቀ አስመስሎ በፊልም ማሳየት ነበር። እኛ አገር ይህን ሥራ ካድሬዎች ያለ ኮምፒውተር ይሠሩት ነበር፤ እሱ ግን በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፤ ያውም አራት ግራፊክስ ካርድ ባለው። ካርዶቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ነው ከአውሮፕላን የወረደው።

ግራፊክስ ካርድ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ኮምፒውተሩ ሥዕል የሚሥልባት እጁ ናት። ሥዕሉ በበዛ ቁጥር ትሞቃለች። አራቱን አጠጋግቶ አንድ ሳጥን ውስጥ መዝጋት ማለት አራት የጋለ ካውያ አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ «ተከባብራችሁ ኑሩ» እንደ ማለት ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ሊመዘገብ ሄዶ ማሽኑ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ ሲነግራቸው፣ በየትኛው ዘርፍ እንደሚያስገቡት ተቸግረው ዳቦ ቤቶች ሥር ሊጽፉት ነበር አሉ።

የመጣው ለሙከራ ነበር። እዚህ ሥራ ከያዘለት ይቀራል፤ ካልያዘለት ቪዛው ደሴ ካለው ደላላ ዘንድ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ልጁ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷን የምታውቀው በስልክ ብቻ ነበር። የመጣ ዕለት በግቢው በር ሲገባ አይታው ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀችና ወደ ስልኩ እየጠቆመች «አባባ እዚህ ውስጥ ነው» አለችው። ሰውየው እዚያው ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ።

እህቴ በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይቺ ልጅ አባቷ እግር እንዳለው ገና አሁን ነው ያወቀችው። ያ ማሽን ከቆመ እሱ ይሄዳል። ቀልድህን አስቀምጥና እርዳው።»

ቀልዴን ማስቀመጥ አልችልም፤ መርዳት ግን እችላለሁ አልኳት።

ሥራው ቶሎ ነው የተገኘው። የከተማው አዲስ መስጊድ ሊሠራ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ ከሕዝቡ መዋጮ ከመጠየቃቸው በፊት መስጊዱ ምን እንደሚመስል በፊልም ሊያሳዩ ፈለጉ። በእኛ አገር መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ ድንጋይ ያጓጉዛል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ ቆርቆሮ ይሸከማል፤ ስለዚህ ፊልሙን ከተማው ሁሉ ሊያየው ነው። ቀኑም ተቆረጠ፤ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ። «ካማረ» አሉት ሐጂ፣ «ለአቀስታም ለኩታበርም እኔ ራሴ አፌን ሞልቼ እናገርልሃለሁ። ካላማረ ዱባይም ቢሆን የአላህ አገር ነው።»

እሱም ሥራውን ጀመረ፤ ማሽኑም መሞቅ ጀመረ። ከዱባይ ያመጣው የውሃ ማቀዝቀዣ ነበረው፤ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን በቀጭን ቱቦ በካርዶቹ ላይ ታዞረዋለች፣ ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ ራዲያተሩ በማራገቢያ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ራዲያተሩ የተሠራው ለሁለት ካርድ ነው። ሁለቱን በኋላ የጨመራቸው በስስት ነው።

«ደግሞ አየሩ ስስ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ማራገቢያው የሚገፋው በቂ አየር አያገኝም።»

«እንዴ! አየሩንም አሳሱብን?»

ከተሰበረ ሚኒባስ ራዲያተር ፈታን። አሉሚኒየም ነበርና አልሆነም፤ የካርዶቹ ክዳን መዳብ ነው፣ ሁለቱ ብረቶች አንድ ውሃ ሲጋሩ ይበላላሉ አለኝ። ዘመዶቼን አስቤ ወዲያው ገባኝ። ካረጀ የጣልያን ጭነት መኪና የመዳብ ራዲያተር አገኘን። ለውሃ ማጠራቀሚያ አንድ ቢጫ ጄሪካን አናቱን ቆርጠን ከሱቄ ቱቦ ጋር አያያዝነው። ማሽኑንም ከግቢው ክፍሎች ሁሉ ወደ ቀዘቀዘው፣ እናቴ የዘር ድንች ወደምታስቀምጥበት የድንጋይ ቤት አስገባነው። እዚያ ቤት ድንቹ ራሱ ሲያነጥስ ሰምቻለሁ።

እናቴም እዚሁ ላይ ገባች።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፤ በእኛ ዘንድ አማትና አማች ይከባበራሉ። መከባበር ስል ለበዓል ኬክ ይዞ መምጣትን አይደለም። አማች በአማቱ ፊት እግሩን አይዘረጋም፣ ጮክ ብሎ አይስቅም፣ ሲበላም ፊቱን ወደ ግድግዳ መለስ አድርጎ ነው የሚጎርሰው። አማትም ስሙን አትጠራም፤ አንቱ ትለዋለች። እናቴ በዚያ ዕድሜዋ፣ ሸበጥ አድርጎ ሱሪውን ጠቅልሎ ባልዲ የሚሸከመውን ጎረምሳ «እሳቸው» ነበር የምትለው። ሁለቱ በአንድ ግቢ እየኖሩ ፊት ለፊት የተለዋወጡት ቃል ቢሰበሰብ አንድ የስልክ መልእክት አይሞላም። የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። እኔ ሲም ካርድ ነበርኩ።

እናቴ እዚህ፣ አማቻችን እዚያ፣ በመሐከላቸው አንድ ክንድ ተኩል ቦታ አለ።

«በላቸው እስኪ፣ ቁርስ ቀምሰዋል?»

«ቁርስ ቀምሰሃል ወይ ትላለች።»

«ቀምሻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።»

«ቀምሻለሁ፣ እግዜር ይስጥል...»

«ሰማሁ፤ ደንቆሮ ነኝ እንዴ?» ትለኛለች፤ እኔን።

ታዲያ ማሽኑ በገባ ሰሞን የድንቹ ቤት መካነ ሰላም ውስጥ ያለ ብቸኛው ቆላ ሆነ። ሙዝ ቢተከል ይበቅል ነበር ብል ማጋነን ነው፤ ሎሚ ግን በእርግጠኝነት ይበቅል ነበር። እናቴ እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ ገብታ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን እያሞቀች ትፈትላለች። ዘር ድንቹ ጸደይ የደረሰ መስሎት አቆጠቆጠ። ማሽኑ ግን ይሞቅ ይሞቅና ሙቀቱ ዘጠና ሲደርስ ራሱን ለማዳን ድርግም ብሎ ይጠፋል። ምክንያቱን አማቻችን አግኝቶታል፤ ውሃው ከመጀመሪያዋ ካርድ ወደ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛዋ እየተላለፈ ስለሚሄድ አራተኛዋ ዘንድ ሲደርስ የሦስቱን ላብ ነው የምትጠጣው። እናቴም በበኩሏ ሌላ ምክንያት አግኝታለች።

«ይሄ ነገር የመጣው ከበረሃ አይደል?» አለችኝ አንድ ጠዋት።

«አዎ፣ ከዱባይ።»

«ላቡ ሳይደርቅ ብርዱ አገኘዋ። ምች ነው።»

«እናቴ፣ ኮምፒውተርን ምች አይመታውም።»

«ለምን አይመታውም? ይተኩሳል፤ ያቃስታል፤ ውሃ ውሃ ይላል፤ ደርሶ ደግሞ ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቃል። ምን ቀረው? ከንፈሩ ላይ ካልወጣልህ አታምንም?»

ጎንበስ ብዬ የማሽኑን ከንፈር ፈለግሁ። እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

አማቻችን ለእያንዳንዷ ካርድ የየራሷ ውሃ የሚደርስበትን ዘዴ አመጣ። ከሱቄ ባለ አራት እጅ ማከፋፈያ ወሰደ፤ ውሃው ከፓምፑ እንደወጣ አራት ቦታ ተከፍሎ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ሙቀቱም በእርግጥ ወረደ። ደስ አለን፤ እህቴ ሳቀች። በማግስቱ ግን ውሃው አረንጓዴ ሆኖ አደረ፤ ሙቀቱም ተመልሶ ወጣ።

«ብርሃን ሲያገኘው እንደ ኩሬ አልጌ እያበቀለ ነው» አለና ጄሪካኑን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈነ። በነጋታው ከዚያ የባሰ አረንጓዴ ሆነ። ውሃውን ደፋ፣ አጠበ፣ ሞላ። አሁንም አረንጓዴ።

«ጋሼ፣ ቱቦህ ቀለም ይለቃል።»

«ቱቦዬ ነጭ ነው! ቱቦዬን የነካ እኔን ነካ!»

በመጨረሻ የአንዷን ካርድ የመዳብ ክዳን ፈታው። ውስጡ እንደ ቅማል ማበጠሪያ የደቀቁ ጥርሶች አሉት፤ ውሃው የሚያልፈው በእነሱ መሐል ነው። ጥርሶቹ መሐል አረንጓዴ ብጣሽ ተሰክቷል። በጥፍሩ አወጣና ወደ አፍንጫው ወሰደው። ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ... በልጅነቴ ስታመም...»

«እህ?»

«ይሄ ነገር ዳማከሴ ዳማከሴ ይሸታል።»

ወጥተን እናቴ እስክትገባ ጠበቅንና በመስኮቱ ስንጥቅ አየን። እናቴ ማንም የለም ብላ እንዝርቷን አስቀመጠች፣ ከጉያዋ እፍኝ ዳማከሴ አወጣች፣ በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ ጄሪካኑ ላይ ጨመቀችው፤ ጭማቂውን ብቻ ሳይሆን ጭማቂው እንዳይባክን ቅጠሉንም ጨመረችው። ከዚያ ማሽኑን በእጇ ጀርባ ግንባሩን ዳሰሰችው። ግንባሩ የት እንደሆነ እንዴት እንዳወቀች አልገባኝም።

«አብሽር» አለችው። «አብሽር የኔ ልጅ። እሳቸው ባንተ ነው ተስፋቸው። ያችን ሕፃን አታስለቅስብኝ።»

አማቻችን ከመስኮቱ ዞር አለ። ሊቆጣ ነው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ያሳሰበው ሌላ ነው።

«አሁን እንዴት ብዬ ነው እሳቸውን...»

«ተዪ በላት።»

«እኔ? አማቴን? በዛሬው አውሮፕላን ብሳፈር ይሻለኛል!»

ቀልድ አልነበረም። ሰውየው አማቱን «መድኃኒትሽን አልፈልግም» ከሚል ዱባይ ሄዶ ሌላ አሥር ዓመት ሻይ ቢያመላልስ ይመርጣል። እህቴ ሰምታ ጭንቅላቷን ያዘች።

«እንዴ፣ ለአንድ እፍኝ ቅጠል ብሎ ነው ባሌ ባሕር የሚሻገረው?»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያት» አልኳት።

«እኔ ብነግራት እሱ የላከኝ ነው የሚመስላት። አማቼ ናቁኝ ብላ እህል ታቆማለች። አንተ ቀላማጅ ነህ፤ አንተ ስትናገር የሚቀየም የለም።»

ክብር ነው። ሄድኩ።

«እናቴ፣ ያ ውሃ ንጹሕ መሆን አለበት አሉ።»

«ማን አለ?»

ወጥመዷን አየኋት፤ እሱ አለ ካልኩ አለቀ።

«ሐኪም።»

«የማን ሐኪም?»

«የኮምፒውተር።»

«ሐኪም አይቶት ነው እንዲህ የሚያጣጥረው?» አለችና እንዝርቷን አሾረች። «እኔስ ጠንቶበታል ብያለሁ። ከነገ ጀምሮ ጠዋትም ማታም አደርገዋለሁ። እሳቸውን አትንገራቸው፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል።»

እንግዲህ አስታርቄ ስመለስ የመድኃኒቱ መጠን እጥፍ ሆነ። ዓርብ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ፊልሙ ገና ሚናራው ጋ አልደረሰም።

ሰው ሲከፋው የሚሄድበት አለው፤ እኔ አረቄ ቤት ሄድኩ። አረቄ የምታወጣው ሴትዮ ምድጃዋን ጓሮ አድርጋ ነው የምትሠራው። እንፋሎቱ ከእሳቱ ላይ ካለው ማሰሮ በመቃ ይወርድና፣ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። የገንዳው ውሃ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ አረቄ ያደርገዋል፤ ሲሞቅም ትደፋውና ሌላ ትሞላለች። ውሃውና አረቄው አንድ ቤት እያደሩ አይተዋወቁም። ለነገሩ በደንብ የሚተዋወቁበት አረቄ ቤትም አውቃለሁ፤ ይቺ ግን ታማኝ ናት።

መለኪያውን አንስቼ ገንዳውን አየሁት። ገንዳው ውስጥ ቅጠል ወድቋል፤ ሁለት ዝንብም ዋኝቶበታል። አረቄዬ ግን እንደ መስተዋት የጠራ ነው።

በጨዋታ ላይ ሳለሁ ብድግ ብዬ ስሮጥ «ሚስቱ አየችው» አሉ፤ ይበሉ። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

«ሁለት ውሃ!» አልኩት አማቻችንን። «አንዱ ያንተ፣ አንዱ የእናቴ!»

መጀመሪያ አረቄው የተናገረ መስሎት ነበር። ሲገባው ግን ዓይኑ በራ። ከፍሪጅ ጠጋኝ ረጅም የመዳብ ቱቦ አምጥቶ እንደ እባብ አጠቀለለው፤ ከሱቄ ጓሮ ትልቁን ሰማያዊ በርሜል አንከባለልን። የማሽኑን ውሃ ዝግ አደረገው፤ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ሞልቶ ቅጠል ቀርቶ ሐሳብ እንዳይገባበት የማጠራቀሚያውን አፍ ገጠመው። ይህ ውሃ ከካርዶቹ ሙቀት ተሸክሞ በተጠቀለለው መዳብ ውስጥ ይዞራል፤ መዳቡ በርሜሉ ውስጥ ተዘፍቋል፤ በርሜሉ ደግሞ በእኛ አገር ውሃ ሞልቷል። የእኛን አገር ውሃ ታውቁታላችሁ፤ እጅ ሲያስገቡበት ጣት ቆጥሮ ነው የሚመልሰው። ሙቀቱ ያልፋል፣ ውሃው አይቀላቀልም፣ ዳማከሴው ከበርሜል አይወጣም።

የቀረው እናቴን ማሳመን ነው። ሦስታችንም በርሜሉ ዙሪያ ቆምን።

«በልልኝ» አለ አማቻችን መሬት መሬት እያየ፣ «ያ ጄሪካን ለእሳቸው... ማለቴ ለሚያደርገው ሰው ሁሉ ጠባብ ነው። ሰፋ ያለ ዕቃ አዘጋጅተናል በልልኝ።»

«ሰፊ ዕቃ ተዘጋጅቷል፣ ለሚያደርገው ሰው ሁሉ ይላል።»

እናቴ በርሜሉን ዞረችው። መዳቡን አየች። የተገጠመውንም ማጠራቀሚያ አየች።

«በላቸው» አለች፣ «ለታመመ ነገር ማሰብ የአስተዳደግ ነው። እጃቸው ይባረክ።»

እፍኟንም ጨመቀች።

ማሽኑ ተነሣ። ሠራ፣ ሠራ፣ ሠራ። ሙቀቱ ስልሳ እንኳ አልሞላም። አማቻችን መብራት ቢጠፋ እንኳ ከጀመረበት እንዲቀጥል ሥዕሉን አንድ በአንድ ያስቀምጥ ነበር፤ መብራቱም ልማዱን አልተወም፣ ጠፍቶ መጣ፣ ጠፍቶ መጣ። ሚናራው ወጣ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ የምታየው ፊልሙን አይደለም፤ ማያው ጥግ ላይ ያለችውን የሙቀት ቁጥር ነው።

ረቡዕ ሲረፋፍድ ግን ቁጥሯ ትወጣ ጀመር። ያላሰብነው ነገር መጣ፤ በርሜሉ ራሱ ሞቀ። ጠግቧል፤ ሌላ ሙቀት አይቀበልም። ደፍተን እንዳንሞላው ቧንቧው ከሄደ ሰንብቷል፣ ምንጩ ደግሞ ቁልቁል ነው፤ እኔና እሱ በርሜል ውሃ ለመቅዳት ሽቅብ ቁልቁል ስንል ዓርብ ያልፋል። አማቻችን በርሜሉን አቅፎ ቆመ፤ የሚያለቅስ መስሎ ነበር። ምናልባት እየሞቀ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንዲት ጎረቤታችን ልጇ አስሏት ዳማከሴ ልትለምን መጣች። እናቴ ቅጠል አልሰጠቻትም።

«ምን ቅጠል ትፈልጊያለሽ፤ ይኸው ተነክሮ፣ ሞቆ፣ ተዘጋጅቶ አለ። ልጅሽን እጠቢበት። ስትመጪ ግን የወሰድሽውን ያህል ቀዝቃዛ መልሺ፤ በርሜሉ የሰው ነው።»

ወሬው ሳይመሽ ሰፈሩን አዳረሰ፤ እነዚያ ሰዎች ዘንድ ሞቅ ያለ ዳማከሴ እንደ ልብ ነው! በዚያ ብርድ ማገዶ ሳያነዱ ሙቅ ውሃ ማግኘት ቀላል ነገር ነው እንዴ? ሴቱ ጄሪካኑን እየያዘ ጎረፈ። በቀዝቃዛ ይመጣሉ፣ በሙቅ ይመለሳሉ። እግሩን የሚያመው፣ ጉንፋን የያዘው፣ ምንም ያልሆነውና ሰልፍ የሚወደው፣ ሁሉም መጣ። አማቻችን አፉን ከፍቶ ቁጥሯን ያያል፤ እየወረደች ነው። ዱባይ ውስጥ ትልልቅ ኩባንያዎች በብዙ ማሽን የሚያደርጉትን መካነ ሰላም በጄሪካን አደረገችው። ከተማው ራዲያተር ሆነ። በዚያ ሳምንት በሰፈራችን ያሳለ ሰው አልነበረም ብል እውነት ነው፤ ካሳለም ከሰልፉ እንዳይወጣ አፍኖት ነው።

ዓርብ ደረሰ። ከጁምዓ በኋላ አዳራሹ ጢም አለ፤ ቄሱም ሼኹም ከፊት ተቀመጡ። እህቴ ልጇን ታቅፋ በር ሥር ቆማለች። ፊልሙ ተጀመረ። ባዶው ሜዳ መጣ፣ መሠረቱ ተቆፈረ፣ ግድግዳው ተነሣ፣ ጉልላቱ አረፈ፣ ሚናራው ሰማይ ወጋ። ጀርባው ደግሞ የራሳችን ተራራ ነው።

«ማሻአላህ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ከማሻ ከተማ ስለመጣህ ነው እንዴ ማሻ ማሻ የምትለው?» አለው ጎረቤቱ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናደ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ተቆጥተዋል።

«ሐጂ፣ ካለቀማ ምን አዋጡ ትሉናላችሁ?»

«ያለቀው ፊልሙ ነው፣ አባባ» አሉ ሐጂ። «መስጊዱ ገና ነው።»

«እኔ በዓይኔ አየሁት እኮ!»

«በዓይንዎ ነው ያዩት፤ በእጅዎ ደግሞ ይሠሩታል።»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉና «እንግዲያው ያችን ሚናራ ብቻ አሁን አውጡልን፤ ሌላውን እናዋጣለን» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በላይ ምስጋና አማቻችን በዕድሜው ያገኘ አይመስለኝም። ሐጂም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ሳምንት ሳይሞላ የአቀስታ ሰዎች ቤተ ክርስቲያናቸው ሳይሠራ አልቆ ማየት እንደሚፈልጉ ልከው ጠየቁ።

ቪዛው? ደላላው አንድ ቀን ከደሴ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ልጅቷ ናት።

«አባትሽን አቅርቢልኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አባባ ስልክ ውስጥ የለም» አለችው። «በርሜሉ ጋ ነው።» ዘጋችው። ደላላው በርሜል ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ሳያስበው አልቀረም፤ ከዚያ ወዲያ አልደወለም።

አማቻችን አማቱ እንዳትደክም ብሎ ከድንቹ ቤት በር አጠገብ አንድ መደብ ዳማከሴ ተከለ። በየጠዋቱ የበርሜሉን ክዳን እሱ ይከፍትላታል፤ ፊቱን አዙሮ ይቆማል፤ እሷ ትጨምቃለች፤ እሱ ይዘጋዋል። ስላታለላት አንዳንዴ ይጸጽተዋል። «ጋሼ፣ አንድ ቀን ቢያውቁብኝ ምን ይውጠኛል?» ይለኛል።

እኔም አንድ ቀን እናቴን ብቻዋን አግኝቼ ጠየቅኋት። «እውነት አሁን ያ ቅጠል ማሽኑ ውስጥ የሚገባ ይመስልሻል?»

እንዝርቷን አላቆመችም።

«አንተ ቀላማጅ፤ በርሜል ሌላ፣ ያቺ አፏ የተገጠመችው ዕቃ ሌላ መሆኗን አላይም እንዴ? ዕድሜዬን ሙሉ አረቄ ቤት እየሄድኩ፣ ገንዳውን እያየሁ አባትህን ስጠራ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ለምን ትጨምቂያለሽ?»

«ብተወውማ ያወቅሁባቸው መስሎ ይታያቸዋል፤ ያፍራሉ» አለችኝ። «ይልቅ በላቸው፣ ቁርስ ቀምሰዋል?»